አሮጌ ነፍጥና ሙሉ ታሪኩ

አሮጌ ጠመንጃና ሽጉጥ መሰብሰብ የታሪክ ፍቅር ነውን ወይስ የጉልበት አምልኮ? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም፣ ቅርስን ለመጪው ትውልድ ለማስተላለፍ የሚሻ ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

በውጭው ዓለም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለኢላማ ውድድር የተሠሩ ሪቮልቨር ሽጉጦችን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። በብረቱ ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋር እያስተያዩ፣ መሣሪያው መቼ ተሠርቶ ለየትኛው ነጋዴ እንደተላከ ይደርሱበታል። ድካማቸው የሚናቅ አይደለም። ሽጉጡ የተሠራው ሰሌዳ ለመብሳት ነውና ኅሊናቸውም አይወቅሳቸው ይሆናል።

የእኛ አሮጌ መሣሪያዎች ግን ለሰሌዳ የመጡ አይደሉም። የመጡበት መንገድ በስማቸው ላይ ይነበባል፤ ውጅግራ የፈረንሳዩን ግራ፣ ለበን ለቤልን፣ ስናድር ደግሞ የእንግሊዙን ስናይደር ያስታውሳል። ስናይደር በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ይዞት የዘመተው ጠመንጃ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሠዉበት ሽጉጥም ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው እንደነበረ ይነገራል። በስጦታው ላይ የተቀረጸው ቃል የምስጋና ቃል ነበር፤ ፍጻሜውን ግን አይናገርም። እንግዲህ ጽሑፍና መለያ ቁጥር የመሣሪያውን ትውልድ ይነግሩናል እንጂ ሥራውን አይነግሩንም።

ሥራውን ለመረዳት ከአርባ ምንጭ በላይ ያለውን የጋሞን ደጋ መመልከት ይበቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር ወደዚያ ሲደርስ ጦርና ጋሻ ከነፍጥ ጋር ተጋጠመ። ነፍጥ ያነገበው ሰፋሪ ወታደር ነፍጠኛ ተባለ፤ የመሣሪያው ስምም የሥርዓት መጠሪያ ሆነ። ገበሬው ገባር ሆኖ ምርቱንና ጉልበቱን ገበረ። ይሁንና ያው ነፍጥ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የአገርን ነጻነት አስከብሯል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ተናግሮ ሌላውን የሚሸሽግ ሰብሳቢ ግማሽ ቅርስ ይዟል።

በዚሁ በጋሞ ምድር ሌላ የኃይል ዓይነት መኖሩንም ልናስታውስ ይገባል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ስለተገደሉት ወገኖቻቸው በቁጣ የተነሡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ሲወጡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ሳሩን አልፈው አልሄዱም። የአባቶቹ ኃይል ባሕሉ ለሳሩ ከሰጠው ክብር የመነጨ ነበር።

ታዲያ አሮጌው ነፍጥ ይቅለጥ ወይስ ይቀመጥ? ይቀመጥ፤ ማቅለጥ ምስክርን ማጥፋት ነውና። ነገር ግን የአንጋቹ ስም ሲመዘገብ ኢላማ የሆነውም ሰው አብሮ ይመዝገብ። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ሁለቱም ወገን አያቶች ይላካቸው። ሠዓሊውም የአፈሙዙን ውበት ሲሥል አፈሙዙ የዞረበትን ፊት አይርሳ። ያን ጊዜ መሰብሰብ ከጌጥነት አልፎ እውነትን የመጠበቅ ሥራ ይሆናል።