ድንጋዩን ያየን ዕለት



በዚህ ዓመት ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን የገባችሁ ወጣቶች በአዲስ አበባ ያሉትን የታሪክ ቦታዎች በአንድ ቀን ለመጐብኘት ገንዘብ ማዋጣት መጀመራችሁን ሰምተን ደስ ብሎናል። እኛም በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ይህንኑ ጉዞ አድርገን ነበር። ስላየነው ነገር በጊዜው በዚህ ጋዜጣ አላቀረብንም፤ ምክንያቱም ያፈርንበት ነገር ስለ ነበረ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ብታውቁት ይጠቅማችኋል ብለን አሁን ጽፈነዋል።

ከቡራዩ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተነሣን። 31 ሆነን በአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ታጭቀን፥ ከበሮ እየመታንና እየዘመርን በአስኮ በኩል ወረድን። ዳቦውና ቆሎው ገና አስኮ ሳንደርስ ግማሹ አለቀ። በመንገድም ሳለን ከመካከላችን ታሪክ የሚወድ አንድ ወንድም፥ አገራችን በቀድሞው አከፋፈል መናገሻ አውራጃ ትባል እንደ ነበር፥ መናገሻም ነገሥታት የሚነግሡበት ቦታ ማለት እንደ ሆነ አስረዳን። እኛም ከመናገሻ ተነሥተን ሌላ መናገሻ ልናይ ነው ብለን ሣቅን።

ይህን ደግሞ ሳንገልጽ አናልፍም። በሚቀጥለው እሑድ የጥያቄና መልስ ውድድር ይደረግ ነበር፤ ሽልማቱም መዝሙረ ዳዊት ነበረ። ስለዚህ ሁላችንም ደብተር ይዘናል፤ ዓይናችንም ከሁሉ በፊት ቀንና ዓመተ ምሕረት ይፈልግ ነበር።

መጀመሪያ ያየነው የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ነው። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. በግብፅ አገር ጵጵስና ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ሕዝቡ እንዲገዛለት እንዲያስተምሩ፥ አርበኞችንም ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ ቢጠይቃቸው እንቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ሐውልታቸው ለባቡሩ ሥራ በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ ነበር፤ በኋላም ተመልሶ ቆሟል። ይህን ሁሉ ጻፍን። ከሐውልቱ ሥር ፎቶግራፍ ተነሣን። ከዚያ ለመሄድ ቸኰልን፤ ከመካከላችን ለአንድ አፍታ እንኳ ዝም ብሎ የቆመ አልነበረም።

ከዚያ በእግራችን ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ወጣን። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከሠራዊቱ ጋር እንደ ነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስምንት ማዕዘን ያለውን ይህን ሕንፃ ዳግማዊ ምኒልክ ለዚያ ድል መታሰቢያ አሠሩት፤ ጠላትም በ1929 ዓ.ም. አቃጠለው፤ ከነጻነት በኋላ ታደሰ። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥራዎችም በውስጡ ይገኛሉ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህ ነው።

ያፈርንበትም ነገር የሆነው በዚሁ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጠግተን፥ አንዱ የሌላውን ደብተር እየገለበጠ፥ ሌላው ስልኩን ከፍ አድርጎ ፎቶ እያነሣ፥ እንጯጯህ ነበር። አንዲት ነጠላ ያጣፉ አረጋዊት እናት ከኋላችን ቆመው ኖሯል። ብዙ ጠብቀውን ይሆናል።

«ልጆቼ፥ እስቲ ትንሽ ዘወር በሉልኝ፤ ልሳለም» አሉን።

ደንግጠን መንገድ ለቀቅን። ተሳልመው ሲያበቁ ወደ እኛ ዞሩና ከየት እንደ መጣን ጠየቁን።

«ከቡራዩ ነን፥ እማማ። ለጉብኝት መጥተን ነው» አልናቸው።

«እሰይ፥ ተባረኩ። ተሳለማችሁ?»

ማንም አልመለሰም። በመጨረሻ አንዳችን «አሁን ልንሳለም ነው፥ እማማ» አለ። ሐሰት ነበር። ወደ አውቶቡሱ ልንመለስ ነበር። እርሳቸው ግን አምነው መረቁን፤ አሜን እያልን ምርቃቱን ተቀበልን፤ ሄድንም።

በአውቶቡስ ውስጥ ከበሮው አልተመታም። አራት ኪሎ ደርሰን ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ገባን፤ በዚያም የዐፄ ኃይለ ሥላሴንና የእቴጌ መነንን መካነ መቃብር አየን። ንጉሠ ነገሥቱ በ1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደው በዚያው ዓመት በነሐሴ ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም ሃያ አምስት ዓመት ያህል በክብር ሳይቀበር ቆየ። አንዲት እኅታችን ደብተሯን ገልጣ የጻፈችውን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችልን፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነገሡ፥ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ተቀበሩ። ወሩም ጥቅምት ነበር። ዘውዱን ከጫኑበት እስከ ተቀበሩበት በአውቶቡስ የመጣነው መንገድ ከቡራዩ አስኮ አይበልጥም።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በኋላ ቤታችን ተመልሰን የማርቆስን ወንጌል ስናነብ ያላስተዋልነውን ነገር አገኘን። በምዕራፍ 13 መጀመሪያ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የቤተ መቅደሱን ድንጋይና ሕንፃ አድንቆ ጌታችን እንዲያይለት ይጠይቃል፤ ጌታችንም ሁሉ እንደሚፈርስ ይነግረዋል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ከዚያ በፊት ያለውን፥ የምዕራፍ 12ን መጨረሻ ተመልከቱ። ድሃይቱ መበለት ሁለቱን ናስ የጣለችው እዚያ ነው። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ እርሷን አሳያቸው። እነርሱም ከዚያ ወጥተው ድንጋይ ማድነቅ ጀመሩ! እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ድንጋዩስ ምን ሆነ? እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ70 ዓመተ ምሕረት የሮም ሠራዊት በጢጦስ መሪነት ቤተ መቅደሱን አፈረሰው። በሮም ከተማ የጢጦስ ቅስት የሚባል ሐውልት አለ፤ ወታደሮች የቤተ መቅደሱን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጾበታል። ከዓለም ዙሪያ የሚመጣ ጐብኚ ዛሬም በፊቱ ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል። መቅረዙ የበራው ለእግዚአብሔር መሆኑን ስንቱ ያስብ ይሆን? እኛ በጊዮርጊስ ግድግዳ ሥር ቆመን ካላሰብን በሮም ያለውን ሰው ልንፈርድበት አንችልም።

እንዲህ ስንል ታሪክ ማወቅ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። አቡነ ጴጥሮስ የሞቱበትን ቀን የማያውቅ ወጣት ስለ ምን እንደ ሞቱም አያውቅም። ቀኑን ጽፎ ለምን እንደ ሞቱ ሳይጠይቅ የሄደው ግን እኛ ነን፤ ከማያውቀውም በምን እንደምንሻል አልታየንም።

ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ወጣን። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡባትን እንጦጦ ማርያምን ተሳለምን፤ በዚህ ጊዜ ማንም እስኪያስታውሰን አልጠበቅንም። ቤተ መንግሥታቸውን ትልቅ ይሆናል ብለን ነበር፤ የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ነው። ብርዱ ከባድ ስለ ሆነ ጋቢ ያዙ።

ቡራዩ ስንደርስ የሠርክ ጸሎት ተጀምሮ ነበር። አውቶቡሱ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ አወረደን። ከ31 ሰው የገባነው 12 ነን። ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀነው ከአራታችን ሁለታችን ገብተናል፤ ሁለታችን ደክሞን ወደ ቤታችን ሄደናል። በእሑዱ ውድድር ሦስተኛ ወጣን።

የእማማን ስም አልጠየቅናቸውም። በሕይወት ካሉ ዛሬም ወደ ጊዮርጊስ ሳይመጡ አይቀሩም። ብታገኟቸው ዘወር በሉላቸው፤ ከቡራዩ ነን በሏቸው፤ ከጠየቋችሁም እውነቱን መልሱላቸው።