ሳይታመሙ መመርመር

ከጨንቻ ደጋ ፈትሏን ይዛ ወደ አርባ ምንጭ ወርዳ በሴቻ ጎዳና የምታልፍ አንዲት እናት፥ ምንም ሳያማት ወደ ጤና ጣቢያ ገብታ የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ታደርግ ዘንድ ግዴታ አለባትን? ብዙዎቻችን «አዎን» ለማለት እንቸኩላለን፤ ባትመጣም ባለማወቋ እንወቅሳታለን።

ወቀሳው ግን ቦታውን የሳተ ይመስለናል። ሕመሙ ሂዩማን ፓፒሎማ ከተባለ ቫይረስ የሚነሣ ሲሆን፥ ካንሰር እስኪሆን ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሰማ ይቆያል፤ ሰው ደግሞ ሐኪም የሚሻው ሲያመው ነው። ገላን ለባዕድ ዓይን መግለጥ ነውር መሆኑን እየተማረች ላደገች ሴትም፥ ማፈሯ ድንቁርና ሳይሆን ክብርን መጠበቅ ነው። (ለመሆኑ ከእኛስ መካከል ባለቤቱን «ተመርመሪ» ያለ ስንቱ ነው?)

ምርመራው ውድ አይደለም። ነርሷ የማኅፀኑን በር በቀጠነ አሴቲክ አሲድ፥ ማለት ኮምጣጤን ባስኮመጠጠው ነገር፥ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ብትጠብቅ የተለወጠው ሥፍራ ይነጣል፤ ብዙውንም ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል።

ከባዱ ጥያቄ የሚጀምረው ማከሚያው ሲታጣ ነው። «ጋዝ አልቋል፤ ሌላ ቀን ይምጡ» የተባለች እናት ወደ ደጋው የምትመለሰው ያልነበረባትን ፍርሃት ተሸክማ ነው። ማዳኛውን ሳያሰናዱ ሕመምን መፈለግ ደግነት ይባላልን? እኛ አይባልም እንላለን። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዕቅድ ከ100 ሴቶች 70ው ይመርመሩ ሲል፥ ሕመሙ ከተገኘባቸው ከ100 ሴቶች 90ው ይታከሙ የሚለውን አብሮ ጽፏል።

በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው ክትባት ለልጇ ይደርስላታል፤ እርሷን ግን አልፏታል። ስለዚህ ቢሮዎቻችን በየወሩ «ስንት ሴቶች ተመረመሩ?» ብለው ሲጠይቁ፥ «ስንቶቹስ በዚያው ቀን ታከሙ?» የሚለውን ያስቀድሙ ዘንድ እንጠይቃለን።