ያለ መቀላቀል አንድ ስለ መሆን

ብዙ የሆነው ነገር ብዙነቱን ሳያጣ አንድ ሊሆን ይችላልን? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ የፈላስፎችንም የመምህራነ ሃይማኖትንም ልቡና ሲያስጨንቅ የኖረ ነው፤ ከተሰጡትም መልሶች አብዛኞቹ ወይ አንድነትን ለማጽናት ሲሉ ብዙዎቹን የሚያዋርዱ፥ ወይ ብዙዎቹን ለማክበር ሲሉ አንድነትን የሚያፈርሱ በመሆናቸው አእምሮ ሳይረካ ይቀራል። እኔ ከሁሉ ይልቅ የቀረበ መልስ ያገኘሁት ቮልፍጋንግ አማዴዎስ ሞዛርት በቪየና ከተማ ሳለ፥ በኦገስት 10 ቀን 1788 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፈጸመው፥ የኋላ ሰዎች «ጁፒተር» ብለው በሰየሙት በ41ኛው ሲምፎኒ የመጨረሻ ክፍል ነው።

በቅዱስ ያሬድ ዜማ ላደገ ጆሮ ይህ ሙዚቃ መጀመሪያ እንግዳ ነው፤ በማኅሌታችን መዘምራኑ ምንም ቢበዙ ሁሉም አንዱን ዜማ በአንድነት ይሸከማሉና። የአውሮፓ ሊቃውንት «ካውንተርፖይንት» የሚሉት ጥበብ ግን ሌላ መንገድ ይዟል። በዚህ ጥበብ ሁለት፥ ሦስት ወይም ከዚያ የሚበዙ ዜማዎች፥ እያንዳንዱ የራሱ መነሻና መድረሻ፥ የራሱ እርምጃና ዕረፍት እያለው፥ በአንድ ሰዓት አብረው ይሄዳሉ። በንግግር ቢሆን ኖሮ አምስት ሰዎች አምስት ነገር ባንድነት ሲናገሩ የገበያ ጫጫታ ብቻ በተሰማ ነበር፤ በዜማ ግን ሕጉ ከተጠበቀ አንዱ ለሌላው ብርሃን ይሆነዋል። ሞዛርት ይህን ጥበብ በልጅነቱ ቢማረውም ከ1782 ጀምሮ በባሮን ጎትፍሪድ ፋን ስዊተን ቤት በየእሑዱ የባኽንና የሄንደልን ሥራዎች በመጫወት ጠለቅ ብሎ መረመረው።

የመጨረሻው ክፍል መሠረት አራት ድምፆች ብቻ ናቸው፤ ዶ፥ ሬ፥ ፋ፥ ሚ። ከዚህ የሚያንስ ዜማ ማሰብ ያስቸግራል፤ አዲስም አይደለም። ሞዛርት ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ በጻፈው በመጀመሪያው ሲምፎኒ ውስጥ ይገኛል፤ በ1774 ደግሞ ለቅዳሴ በደረሰው ሥራ «አምናለሁ» የሚለውን የጸሎተ ሃይማኖት ቃል ያዘመረው በእነዚሁ ድምፆች ነው። ዘፈን የሌለበት ሲምፎኒ እምነትን ይሰብካል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ያን ያህል ዘመን በአንድ ሰው ልብ ያደረ ዜማ ባዶ ሆኖ አይታየኝም።

በእነዚህ አራት ድምፆች ዙሪያ ሌሎች አራት ዜማዎች በየተራቸው ይመጣሉ፤ አንዱ ይሮጣል፥ አንዱ እየረገጠ ይወርዳል፥ አንዱ በልዝብ ይናገራል። አድማጭ ሁሉንም ለየብቻ ያውቃቸዋል፤ ዝምድና እንዳላቸውም አይጠረጥርም። ከዚያም ወደ ፍጻሜው ሲደርስ፥ አንድ ደቂቃ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፥ አምስቱ ባንድነት ይነሡና ከመጀመሪያው ቫዮሊን እስከ ኮንትራባሱ ባሉት በአምስቱ የአውታር ክፍሎች እየተዘዋወሩ ይሰማሉ፤ አሁን በላይ የነበረው ቈይቶ ከታች ይሆናል፥ ከታች የነበረውም ወደ ላይ ይወጣል። የዚህን ሥራ ጭንቅ የሚያውቀው የጥበቡን ሕግ የመረመረ ነው። ሁለት ድምፆች በአምስተኛ ርቀት ሲቆሙ ይስማማሉ፤ ነገር ግን የታችኛው በላይኛው ላይ በተሻገረ ጊዜ ያው አምስተኛ ወደ አራተኛ ይለወጣል፥ አራተኛም ከባስ በላይ ሲቆም በዚያ ዘመን ሕግ እንደ አለመስማማት ይቈጠር ነበር። ስለዚህ ደራሲው እያንዳንዱን ዜማ፥ በላይ ሆኖ ሲያጌጥም ከታች ሆኖ ሌሎቹን ሲሸከምም እንዲያምር አድርጎ መሥራት ነበረበት። መምህራን ስለ እጅግ ከፍ ያለ ምሥጢር ሲናገሩ ያለ ቱስሕትና ያለ ፍልጠት ስለሚሆን ተዋሕዶ ያስተምራሉ፤ ምሥጢሩን ከሰው ሥራ ጋር ማስተካከል ድፍረት ቢሆንም፥ መቀላቀልም መለያየትም የሌለበት አንድነት ለጆሮ ምን እንደሚመስል ከዚህ በበለጠ የገለጸልኝ የሰው ሥራ የለም።

ነገር ግን ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ድምፆቹ የተስማሙት ደራሲው አስቀድሞ ስለ ወሰነላቸው ነውና ይህ ስምምነት ከነጻነት ጋር ምን ኅብረት አለው? ላይብኒጽ የተባለው ፈላስፋ ህላዌያት ሁሉ እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ ፈጣሪ አስቀድሞ ባኖረው ሥርዓት ይስማማሉ ብሎ ነበር፤ የእርሱ ስምምነት ለእኔ ብቸኝነት የበዛበት ነው። በሞዛርት ዘንድ አንዱ ዜማ ሲሮጥ ሌላው ረጅም ድምፅ ይዞ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሣል። ደግሞም እያንዳንዱ ዜማ ብቻውን በተሰማ ጊዜ የነበረው ትርጕም በኋለኛው ኅብረት አልተሻረም፤ ተጨመረበት እንጂ። ቅድመ ዕውቀት ፍጥረትን ለኅብረት የተዘጋጀ ያደርገዋል ማለትና ፍጥረትን ያስገድደዋል ማለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳሁት ከዚህ ነው። ምሳሌው የሚያበቃው ግን በአንድ ስፍራ ነው፤ ዜማ እምቢ ማለት አይችልም፥ ሰው ግን ይችላል፤ ስለዚህም በሰዎች መካከል የሚገኝ ስምምነት ከዚህ ሙዚቃ ይልቅ ብርቅና ክቡር ነው።

ሞዛርት ይህን ሙዚቃ የጻፈው በደስታ ዘመን እንዳይመስለን። በዚያው ክረምት፥ በጁን መጨረሻ፥ የስድስት ወር ሴት ልጁ ቴሬዝያ ሞታበታለች፤ ወዳጁን ሚካኤል ፑኽበርግንም ገንዘብ እንዲያበድረው በደብዳቤ ይለምን ነበር። ሆኖም ከጁን 26 እስከ ኦገስት 10 ባለው ጊዜ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሲምፎኒዎች ፈጽሟል።

ከአምስቱ ዜማዎች ኅብረት በኋላ ሙዚቃው በዚያ ከፍታ አይዘገይም፤ መለከቱና ቲምፓኒው ከኦርኬስትራው ሁሉ ጋር ባንድ ቃል ይመቱና ያልቃል። እዚያው በኅብረቱ ላይ ቢያበቃ ይሻል ነበር የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም፤ ይህ የመጨረሻ የኅብረት ምት በመጀመሪያ ቢሰማ ኖሮ የአደባባይ ድምቀት ብቻ በሆነ ነበር፤ እያንዳንዱን ድምፅ ለይተን ካወቅን በኋላ ሲመጣ ግን አንድ ላይ የሚናገሩት እነማን እንደ ሆኑ እናውቃለን።