የመግደል ፈቃድና የሌሊት እንቅልፍ

በአገራችን ሰላይ አይወደድም። ጆሮ ጠቢ ሲገባ ጨዋታ ይቋረጣል፤ ቡና የሚጠጣው ሰው ሁሉ "ግድግዳም ጆሮ አለው" እየተባባለ ይጠቃቀሳል። ታዲያ ያው ጆሮ ጠቢ የምንጸየፈው ሰዎች፣ አንድ እንግሊዛዊ ሰላይ በፊልም ብቅ ሲል ወንበር ስበን የምንቀመጠው ምን ነክቶን ነው? ጥያቄው ለቀልድ የቀረበ ይመስል ይሆናል። ለእኔ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነውና፣ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ታገሠኝ፤ አብረን እንመርምረው።

የምናገረው ስለ ጄምስ ቦንድ ነው። ደራሲው ኢያን ፍሌሚንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የስለላ ክፍል ያገለገለ ሰው ነበር። የመጀመሪያውን የቦንድ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1953 አሳተመ፤ "ዶክተር ኖ" የተባለው የመጀመሪያው ፊልም በ1962 ወጣ፤ የተከታታዩ ሃያ አምስተኛ ፊልም ደግሞ በ2021 ታየ። ከሾን ኮነሪ እስከ ዳንኤል ክሬግ ስድስት ተዋንያን ተፈራርቀውበታል። ደራሲው በ1964 ሞተ፤ ሶቭየት ኅብረት በ1991 ፈረሰች፤ ቦንድ ግን አለ።

ይህን ያህል ያቆየው ምንድነው? አንዳንዱ መኪናው ነው ይላል፤ ሌላው ቆነጃጅቱ፣ ሙዚቃው፣ የሩቅ አገሩ ባሕርና ተራራ ነው ይላል። ጠለቅ ብሎ የሚያየው ደግሞ የጠላቱን ነገር ያነሳል። በፍሌሚንግ መጻሕፍት ውስጥ ጠላቱ ብዙ ጊዜ የሶቭየት የስለላ ድርጅት ነበር፤ የፊልሞቹ ሠሪዎች ግን ገና ከጅምሩ "ስፔክተር" በሚባል አገር አልባ ድርጅት ተኩት። አገር የሌለው ጠላት አገር ሲፈርስ አብሮ አይፈርስም። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን መኪናና ቆንጆ በሌላውም ፊልም ሞልቷል። ስለላውን ወደድንለት እንዳንል ደግሞ፣ በየካዚኖው ስሙን ለጠየቀው ሁሉ እየተናገረ የሚዞር ሰላይ የት ይገኛል? ስለዚህ የምንወድለት ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

እኔ ይህ ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ በአያቴ ምክንያት ነው። ባለፈው ክረምት እቤት ቁጭ ብዬ "ዶክተር ኖ"ን ሳይ፣ አያቴ ከጎረቤት ለቅሶ ተመልሳ፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች በሩ ላይ ቆመች። ልክ በዚያን ሰዓት ፕሮፌሰር ዴንት የተባለው ሰውዬ በጨለማ ገብቶ፣ ቦንድ የተኛ መስሎት አልጋው ላይ ይተኩሳል። ትራሶች ናቸው። ቦንድ ጥግ ላይ ተቀምጦ ካርታ እየተጫወተ ሲጠብቀው ነበር። ዴንት እንደገና ሊተኩስበት ሲሞክር ሽጉጡ ባዶ ነው። ቦንድም ይህንን አስረድቶት፣ እንደተቀመጠ፣ ሳይቸኩል ገደለው። ከወደቀም በኋላ አንድ ጨመረለት።

"ሰውዬው ጥይት ጨርሶ የለም እንዴ?" አለች አያቴ።

"ጨርሷል።"

"ታዲያ ለምን ገደለው?"

"ፈቃድ አለው፣ እምዬ።"

"ከማን?"

"ከመንግሥት ነዋ።"

ዝም አለች። ወደ ጓዳ ስትገባ ግን ዞር ብላ፣ "ታዲያ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋል?" አለችኝ።

አዎ፣ ይወስደዋል! እንዲያውም ጥሩ እንቅልፍ። እኔም ያን ጊዜ ነው የባነንኩት። እኛ የምንቀናው በመኪናው ሳይሆን በእንቅልፉ ነው። እያንዳንዳችን ለሠራናት ትንሽ በደል ሌሊት እየተገላበጥን ስናድር፣ እሱ ሰው ገድሎ፣ ቀልድ ተናግሮ፣ ክራቫቱን አስተካክሎ ይሄዳል። ቁጥሩ 007 ሲጀምር ያሉት ሁለት ዜሮዎች ትርጉማቸው ይኸው ነው፦ ሕሊናህን እኛ ዘንድ አስቀምጥ፣ አንተ ሂድና ሥራህን ሥራ።

ለመሆኑ ሕሊና በአደራ ይቀመጣል? ፈቃድ ቅጣትን ሊያነሳ ይችላል፤ የተሠራውን ሥራ ግን እንዳልተሠራ አያደርገውም። አለቃው አዘዘ እንጂ አልገደለም፤ ቦንድ ገደለ እንጂ አላሰበበትም። በሁለቱ መካከል ሟቹ ገዳይ አልባ ሆኖ ይቀራል። ፊልሞቹ ራሳቸው ይህን ነገር ሳይነኩት አላለፉም። በ1974ቱ "ባለወርቅ ሽጉጡ ሰው" ውስጥ ስካራማንጋ የተባለው ቅጥር ገዳይ ቦንድን በምሳ ላይ፣ አንተም እንደኔው በመግደል ትደሰታለህ ይለዋል። ቦንድ የሚመልስለት፣ እኔ በመንግሥቴ ትእዛዝ ነው፣ የምገድላቸውም ራሳቸው ገዳዮች ናቸው እያለ ነው። በ1989ኙ "የመግደል ፈቃድ" ደግሞ አለቃው ፈቃዱን ይነጥቀዋል፤ እሱ ግን በወዳጁ ላይ የደረሰውን ለመበቀል ግድያውን ይቀጥላል። እጁ ያው እጅ፣ ሽጉጡ ያው ሽጉጥ። ፈቃዱ ኖረም አልኖረም ልዩነቱን ከሬሳው ላይ ማንበብ አይቻልም። በ2006ቱ "ካዚኖ ሮያል" መጀመሪያ ላይማ ነገሩ ቁልጭ ብሏል። ቦንድ የመጀመሪያውን ሰው መጸዳጃ ቤት ውስጥ በትግል፣ በጭንቅ ይገድላል። ሁለተኛው ሟች፣ ሁለተኛው ግድያ እንደሚቀል ሊነግረው አፉን ሲከፍት ነው በጥይት የሚመታው። ቦንድም ይስማማል፤ ቀሏል።

የዶርም ጓደኛዬ ይህን ስነግረው፣ "አንተ ደግሞ ታካብዳለህ! ፊልም እኮ ነው። ዓለምን ሊያጠፋ የተነሳን ሰው በጸሎት ሊያቆመው ነው?" አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። እኔም አደገኛ ሰው ፈጽሞ አይገደል የሚል አቋም የለኝም። ግን ልብ በሉ፣ ፊልሙ በቅድሚያ እርግጠኝነትን ይሰጠናል። ክፉው ሰው ክፉ መሆኑን በዓይናችን አይተን፣ ከአፉ ሰምተን ነው ጥይቱ የሚተኮሰው። በኑሮ ውስጥ ግን ፈቃዱ ይቀድማል፤ እርግጠኝነቱ ብዙውን ጊዜ ጭራሽ አይመጣም።

አያቴ ይህን ከፊልም አልተማረችውም። በእኛ አቆጣጠር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ "ነፃ እርምጃ" የሚባል ነገር ነበር። ያለ ፍርድ የመግደል ፈቃድ ማለት ነው። ያኔም ፈቃድ የያዙት ሰዎች አገር እናድናለን ይሉ ነበር። ሬሳ መንገድ ላይ ተጣለ፤ ለብዙዎቹ ማልቀስ እንኳ ተከለከለ። ታላቅ ወንድሟ ከነዚያ አንዱ ነው። ለቅሶ ያልተቀመጠችለት ወንድም ያላት ሴት፣ በማታውቀው ቋንቋ የተሠራ ፊልም አንድ ደቂቃ አይታ የጠየቀችው ጥያቄ ከየት እንደመጣ አሁን ይገባኛል።

ከዚያ ወዲህ ፊልሞቹን ሳይ ሟቾቹን መቁጠር ለመድኩ። በ"ዶክተር ኖ" ኳረል የሚባል ጥቁር ጀልባ ቀዛፊ አለ፤ ቦንድን ተከትሎ ወደ ደሴቱ ሄዶ በእሳት ተቃጥሎ ይሞታል። ፊልሙ የወጣው ታሪኩ የሚፈጸምባት ጃማይካ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ በወጣችበት በዚያው በ1962 ነው። ሲያልቅ ቦንድ ከቆንጆይቱ ጋር ጀልባ ላይ ሲሳሳም እናያለን እንጂ፣ የኳረልን መርዶ ለቤተሰቡ ማን እንደነገረ አናይም። ቦንድ ራሱ በ2021ዱ "ለመሞት ጊዜ የለም" ሲሞት ግን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ተሰብስበው፣ ብርጭቆ አንስተው ያስቡታል። ለእሱ ለቅሶ ተደረሰ ማለት ነው! በዚያም ላይ መጨረሻው ላይ "ጄምስ ቦንድ ይመለሳል" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ኳረል ይመለሳል የሚል ጽሑፍ የለም።

እንግዲህ ፊልሙን አንይ ልል አይደለም። የሚቀጥለው ሲወጣ እኔም ተሰልፌ አየዋለሁ፤ መዋሸት አልፈልግም። የምለው ይህን ብቻ ነው። ለሁለት ሰዓት ከጸጸት ነፃ የሆነ ሰው ማየት ደስ ይላል፤ ሰው ነንና ሸክም ይከብደናል። ከወንበራችን ስንነሳ ግን ሸክማችንን መልሰን ማንሳት አለብን። ማንም ቢሆን፣ በማንኛውም ዓላማ ስም፣ ሕሊናህን ለእኔ ስጠኝና አንተ ተኛ ሲለን፣ ያቺን የአሮጊት ጥያቄ እናስታውስ። ሌሊት እንቅልፍ ይወስደናል? ከወሰደን፣ ይበልጥ መፍራት ያለብን ያን ጊዜ ነው።