ጠባቂና ባለቤት፤ በመስተዋት ቤት ስለምትኖር እንቁራሪት

ፍጡርን ከተፈጠረበት ስፍራ አውጥቶ በቤቱ የሚያኖር ሰው ጠባቂ ይባላልን ወይስ አሳሪ? ይህ ጥያቄ ስለ አንበሳ ሲነሣ ሰው ሁሉ ያደምጣል፤ ስለ እንቁራሪት ሲነሣ ግን የሚስቅ ይበዛል። ነገር ግን የሚዛን እውነተኛነት የሚታወቀው ቀላሉን ነገር ሲመዝን ነውና፣ ጥያቄውን በታናሺቱ ፍጥረት መመርመር ይገባል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች የመስተዋት ሣጥን አበጅተው፣ በውስጡ ዕፀዋት ተክለው፣ ዘራቸው ከማዕከላዊና ከደቡብ አሜሪካ ደኖች የሆኑትን ባለ ኅብረ ቀለም እንቁራሪቶች ያኖሩበታል። ለዚህ ጥበብ መንገድ የከፈተው ናትናኤል ዋርድ የሚባል የሎንዶን ሐኪም ነው። ይህ ሰው በ1829 ዓመት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ አንድ ትል ክንፍ አውጥቶ የእሳት ራት ሲሆን ለማየት ሽቶ፣ ከእርጥብ ዐፈር ጋራ በመስተዋት ዕቃ ከድኖ አስቀመጠው። ከዐፈሩም ሳይዘራው አንድ ሣርና ፈርን የሚባለው የጥላ ተክል በቀሉ። በከተማው የከሰል ጢስ ምክንያት በአትክልት ስፍራው አልጸድቅ ብሎት የነበረው ተክል በተዘጋው መስተዋት ውስጥ ለመለመ፤ ከዐፈሩ የሚወጣው እንፋሎት በመስተዋቱ ላይ ጤዛ እየሆነ ተመልሶ ዐፈሩን ያረካው ነበርና። በ1842 ዓመትም ስለዚሁ ነገር መጽሐፍ አሳተመ።

ተክልን በመስተዋት ማኖር እንዲህ ቀላል ቢሆንም፣ የደም ነፍስ ያለባትን ማኖር ግን ዕዳው ብዙ ነው። በሣጥኑ ግርጌ ትርፉ ውሃ እንዲወርድበትና የተክሉ ሥር እንዳይበሰብስ ጠጠር ይነጠፋል። ከጠጠሩ በላይ ወንፊት፣ ከወንፊቱ በላይ ከከሰልና ከተፈረፈረ የዛፍ ልጥ ጋራ የተቀላቀለ ዐፈር፣ ከዐፈሩም በላይ የረገፈ ቅጠል ይደረጋል። በቅጠሉ ሥር ሻጋታንና ጕድፍን የሚበሉ ጥቃቅን ነፍሳት ይለቀቃሉ፤ እነዚህ የቤቱ ጠራጊዎች ናቸው። እንቁራሪቲቱም ተክሉ ሥር ሰዶ እስኪጸና ድረስ ብዙ ሳምንት ሳትገባ ትቈያለች።

ከገባች በኋላ ግን የሰውየው ጌትነት ወደ አገልጋይነት ይለወጣል። በደን ሳለች ዝናሙን የሚያዘንምላት ፈጣሪዋ ነበረ፤ በመስተዋት ውስጥ ግን ዝናሟ የጠባቂዋ እጅ ነው። እንቁራሪት ውሃን በቈዳዋ እንጂ በአፏ አትጠጣምና፣ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃና ሳሙና የነካ እጅ ይጐዷታል። ሙቀቱ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ይስማማታል፤ ከ30 ሲያልፍ ለሞት ያሰጋታል። ምግቧ መብረር የማትችል ጥቃቅን የፍሬ ዝንብ ናት፤ ይህችም የካልሲየምና የቫይታሚን ዱቄት ካልተነሰነሰባት የእንቁራሪቲቱ አጥንት ይደክማል። እንግዲህ ጠባቂው ጥቂት ቀን ቢዘነጋ፣ የዝንጋታው ዋጋ የምትከፍለው እርስዋ ናት።

አንዳንድ ሰው፣ «ከእባብ ድናለች፤ ሳትደክም ትመገባለች፤ ምን ጐደለባት?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱ በቈዳዋ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በኮሎምቢያ የሚኖሩ የኤምቤራ ሰዎች የአደን ፍላጻቸውን የሚመርዙት በአንዲት ወርቅማ እንቁራሪት ቈዳ ነበር። የእነዚህ እንቁራሪቶች መርዝ በደን ከሚለቅሟቸው ጥቃቅን ነፍሳት የሚገኝ ስለ ሆነ፣ በመስተዋት ቤት የተወለደችው መርዝ የላትም። ቀለሟ እንደ እናቷ ያስፈራራል፤ ኀይሉ ግን ከእርስዋ ዘንድ የለም። ጠባቂዋ ጠላትን ሲያርቅላት መሣሪያዋንም ወስዶባታል። በቸርነትም ቢሆን የሚዘጋ እጅ ከሚሰጠው ሌላ የሚነሣው አለ።

እንግዲህ መጠበቅ ሁሉ በደል ነውን? አይደለም። በታንዛንያ በኪሃንሲ ፏፏቴ አጠገብ፣ በውሃው ፍንጥቅታ ብቻ የምትኖር ትንሽ ጕርጥ ነበረች። በ2000 ዓመት ለኤሌክትሪክ ሥራ ወንዙ ሲገደብ ፍንጥቅታው ቀረ፤ ጕርጦቹም አለቁ። ነገር ግን አስቀድሞ 499 ያህሉ ወደ አሜሪካ ተወስደው በመስተዋት ውስጥ ተዋለዱ። በ2009 ዓመት ከዱር መጥፋታቸው ታወጀ፤ በ2012 ዓመት ግን ሰው ሠራሽ ፍንጥቅታ ወደ ተዘጋጀለት ወደ ቀድሞው ስፍራቸው መመለስ ጀመሩ። አንዱ መስተዋት እስር ቤት፣ ሌላው መርከብ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ኖኅም እንስሳቱን የዘጋው ሊያወጣቸው ነበር። ዳሩ ግን ዝናሙ ባባራበት ቀን በሩን አልከፈተም፤ ቁራንና ርግብን ልኮ ምድሪቱን መረመረ እንጂ። ይህም ጥንቃቄ ለእንቁራሪት ጠባቂ ትምህርት ነው። በ1999 ዓመት ሊቃውንት ስም የሰጡት የእንቁራሪትን ቈዳ የሚያጠቃ ፈንገስ፣ በእንስሳት ንግድ ጭምር ከአገር ወደ አገር ተዛምቶ የብዙ ወገኖችን ዘር አጥፍቷል። ስለዚህ በመስተዋት ያደገችውን አዝኖ ወደ ማያውቃት ወንዝ የሚለቅ ሰው አንዲቱን ነፃ አወጣሁ ሲል እልፎችን ሊገድል ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው። አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት እንጂ እንዲያጌጥባት አይደለም። ለዐይኑ ደስታ ብሎ ከደን የሚያስነጥቅ ባለቤት እንጂ ጠባቂ አይባልም። በቤት የተወለደችውንም የተቀበለ፣ መመለሻ የላትምና እስከ ዕለተ ሞቷ ዝናሟ ሊሆን ዕዳ ገብቷል። ልጅን የሚያሳድግ አባት፣ ደቀ መዝሙርን የሚይዝ መምህር፣ ምእመናንን የሚጠብቅ ካህንም በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ፤ በጥበቃቸው ውስጥ ያለው ኀይሉን ይዞ ይወጣ ዘንድ ያሰቡለት እንደ ሆነ ጠባቂዎች ናቸው፤ ቀለሙን ብቻ ይዞ ከቀረ ግን መስተዋቱን ሲወለውሉ ኖረዋል። በሩን ከመዝጋት በፊት ስለ መክፈቱ ማሰብ የጠባቂ የመጀመሪያ ሥራ ነው።