የተዋስነው ቃል የማን ነው?

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ነገሩ ያንገበግበኛል። አንዲት ተማሪ የ«ኦክቶፐስ»ን ብዙ ቁጥር «ኦክቶፐሰስ» ብትል፣ ባልደረባዬ በክፍሉ ሁሉ ፊት «ኦክቶፓይ ነው የሚባለው!» ብሎ አሸማቀቃት። ልጅቷ ግን ልክ ነበረች። ቃሉ ሥሩ ግሪክ ነው፤ መጨረሻው ላይ የሚቀጠለው «አይ» ደግሞ የላቲን ማብዣ ነው። የጥንቱን ሕግ እንከተል ከተባለማ «ኦክቶፖዲስ» ማለት ሊኖርብን ነው።

የተዋሱትን ቃል በራስ ሕግ ማብዛት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ዕብራይስጥ ጠንቅቀው የተማሩ ሰዎች ነበሩ። «ኪሩቢም» በራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ እነሱ ግን የአገራቸውን ማብዣ ደርበው «ኪሩቢምስ» ብለው ጻፉ። እኛም በግእዙ «መላእክት» ላይ «ኦች» ጨምረን «መላእክቶች» እንላለን። ሰዋስው አዋቂው ይቆጣል፤ በዚህ ሰበብ ጸሎቱ የሚመለስበት ሰው ያለ ግን አይመስለኝም።

እውቀት ለምን ተሰጠን? ሌላውን ለማቅናት ከሆነ እሰየው። ለመታየት ሲሆን ግን አባቶቻችን ውዳሴ ከንቱ የሚሉት ኃጢአት ነው፤ በልጅ ፊት ሲፈጸም ደግሞ ይብሳል። ያቺ ልጅ ከዚያ ወዲህ እጇን አላወጣችም።

እባካችሁ መምህራን፣ ከማረማችሁ በፊት መዝገበ ቃላቱን ግለጡ። «ኦክቶፐሰስ» እዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ።