ቅዱሱን ነገር የሚደፍር ጥበብና የአማኙ ምላሽ

የሃይማኖትን ስሜት የሚያቆስል የጥበብ ሥራ ሲያጋጥም መታገሥ ማለት ሥራውን መውደድ አይደለም፤ «ምን አገባኝ» ብሎ ማለፍም አይደለም። ያልተከፋ ሰው የሚታገሠው ነገር የለውም። ለመስቀል ደንታ የሌለው ተመልካች የተዋረደ መስቀል አይቶ ዝም ቢል ያ ግዴለሽነት ነው። ትዕግሥት የሚጀምረው ሰው በእውነት ታምሞ፣ ሥራውን ለማጥፋት ወይም ሠሪውን ለመጉዳት አጋጣሚው እያለው፣ እጁን ሲሰበስብ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አማኝ መከፋት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ሳይሆን፣ ከተከፋ በኋላ ምን ያድርግ የሚለው ነው።

ሕመሙ እውነተኛ መሆኑ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ለጥበብ ነጻነት የሚሟገቱ ብዙዎች ይህን ያቃልሉታል። ለእነሱ ሥዕል ሸራና ቀለም ነው። አማኙ ግን ሥዕሉን ይሳለመዋል፣ ሻማ ያበራለታል፣ በጭንቅ ሰዓት በፊቱ ቆሞ ያለቅሳል። የእናቱ ፎቶግራፍ ሲረገጥ ያየን ልጅ «ወረቀት እኮ ነው» ማለት እንደማያጽናናው ሁሉ፣ አማኙንም «ሥዕል እኮ ነው» ማለት አያጽናናውም። ይህን ያልተረዳ ሰው ስለ መቻቻል ሲሰብክ የሚሰማው ጥቂት ነው፤ መሰማትም አይገባውም።

በቅርብ ዘመን ይህን ክርክር ካስነሡት ሥራዎች ብዙ የሚያስተምረው የአሜሪካዊው አንድሬስ ሴራኖ ፎቶግራፍ ነው። ሴራኖ በ1950 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ተወልዶ በካቶሊክ እምነት ያደገ ነው። በ1987 ክርስቶስ ተሰቅሎ የሚታይበትን ትንሽ የፕላስቲክ መስቀል በራሱ ሽንት በተሞላ የብርጭቆ ገንዳ ውስጥ አስገብቶ ፎቶግራፍ አነሣ። ትልቁ ኅትመት ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ርዕሱን ሳይሰማ ላየው ሰው፣ መስቀሉ በወርቃማና በቀይ ብርሃን መካከል የቆመ፣ ከጥንት የጸሎት ሥዕሎች ጋር የሚዛመድ ምስል ነው። ቁጣውን የሚቀሰቅሰው ርዕሱ ነው፤ ፈሳሹን ያለ ምንም መሸፋፈን በስሙ ጠርቶ ከክርስቶስ ስም ጋር ያጣምረዋል።

ሴራኖ ሥራውን እንደ ስድብ እንዳላሰበው፣ ራሱም ክርስቲያን እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። በእሱ አስተያየት መስቀል የአንገት ጌጥ እስኪሆን ድረስ ተለምዷል፤ በእንጨት ላይ ተቸንክሮ የሞተ ሰው ሥጋ ምን ያህል እንደተዋረደ የሚያስታውስ ጠፍቷል። ይህ ማብራሪያ ለሁሉም አያረካም። ሐሳቡን ለመግለጽ ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሆኖም ማብራሪያውን የሰማ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር ያውቃል፦ በፊቱ ያለው ጠላት ሳይሆን፣ ስለዚያው ስቅለት በሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው ሊሆን ይችላል።

ሥራው በሰሜን ካሮላይና፣ በዊንስተን ሳሌም ከተማ የሚገኝ የዘመናዊ ጥበብ ማእከል የሰጠውን የ15,000 ዶላር ሽልማት አግኝቶ ነበር፤ ከገንዘቡ ከፊሉ የመጣው የፌዴራል መንግሥቱ ለጥበባት ከሚመድበው በጀት ነው። በግንቦት 1989 ሴናተር አልፎንስ ዳማቶ በምክር ቤቱ ፊት የምስሉን ቅጂ ቀደዱት። ሴናተር ጄሲ ሄልምስም ተከትለው ሥራውን አወገዙ። በሚቀጥለው ዓመት ኮንግረሱ፣ ለጥበብ ድጋፍ ሲሰጥ የጨዋነት መመዘኛና የሕዝቡ ልዩ ልዩ እምነት እንዲከበር የሚል ሐሳብ በሕጉ ጨመረ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1998 ድንጋጌውን አጸናው። ይህ የክርክሩ ክፍል ከሌላው ተለይቶ መታየት አለበት። «በእኔ ግብር አይሁን» የሚል ዜጋ ሥራው ይሰበር አላለም፤ ሠዓሊው ይታሰርም አላለም። የሕዝብ ገንዘብ ለምን እንደሚውል መሟገት የማንም ዜጋ መብት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። በ1997 ፎቶግራፉ በአውስትራሊያ፣ ሜልቦርን በሚገኘው የቪክቶሪያ ብሔራዊ ጋለሪ ሊታይ ሲል የከተማዋ የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ጆርጅ ፔል ፍርድ ቤት እንዲያግደው ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ሊቀ ጳጳሱ ያደረጉት ሕጋዊ ነበር፤ ተከራክረው ተረቱ። ይሁንና በቀናት ውስጥ ምስሉ ሁለት ጊዜ ጥቃት ደረሰበት፤ ሁለተኛው በመዶሻ ነበር። ጋለሪውም ዐውደ ርእዩን ዘጋ። በ2011 ደግሞ በፈረንሳይ፣ አቪኞን ከተማ፣ በሆሣዕና እሑድ፣ ሌላው ኅትመት በመዶሻና በስለት ተመታ። የሙዚየሙ ኃላፊዎች የተሰባበረውን ምስል ሳያነሡ፣ የደረሰበትን ለሕዝብ አሳዩ።

መዶሻውን ያነሡት ሰዎች የክርስቶስን ክብር እንደሚጠብቁ አምነው ነበር። የመቱት ግን የተሰቀለውን ክርስቶስ ምስል ነው። ሥራው ፎቶግራፍ በመሆኑ ሌሎች ኅትመቶች ስላሉት አልጠፋም። በ1987 ጥቂት የጥበብ ሰዎች ብቻ ያውቁት የነበረው ምስል ዛሬ በመላው ዓለም የታወቀው በሠሪው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ሊያጠፉት የተነሡትም የዝናውን ብዙ ድርሻ ሰጥተውታል።

ከነዚህ ሁሉ የተለየ ምላሽ የሰጡት እንግሊዛዊቷ መነኩሲት እኅት ዌንዲ ቤኬት ናቸው። በአንድ የቀርሜሎስ ገዳም ቅጥር ግቢ በብሕትውና እየኖሩ፣ ስለ ሥነ ጥበብ በሚያቀርቧቸው የቴሌቪዥን ዝግጅቶች የታወቁ ነበሩ። በ1997 ከጋዜጠኛው ቢል ሞየርስ ጋር ባደረጉት ቃለ ምልልስ ስለዚህ ፎቶግራፍ ተጠየቁ። ሥራው ስድብ ነው አላሉም፤ ዓለም ዛሬ በክርስቶስ ላይ የሚያደርገውን የሚያሳይ አድርገው አነበቡት። ታላቅ ጥበብ ነውም አላሉም፤ ሴራኖን ብዙ ተሰጥኦ ያለው ሠዓሊ አድርገው አልቆጠሩትም። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ በጸሎት የኖሩ ነበሩ፤ እምነታቸው ስለላላ አልነበረም እንዲህ ያሉት። ምስሉን ተመለከቱ፣ ምን እንደሚል ጠየቁ፣ ከዚያ በጥበብ ሚዛን መዘኑት። የመቻቻል ትክክለኛ መልክ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሰኔ 2023 የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ሁለት መቶ የሚያህሉ የጥበብ ሰዎችን በቫቲካን፣ በሲስቲን ቤተ ጸሎት ሲቀበሉ ሴራኖ ከተጋባዦቹ አንዱ ነበር። ቦታው ራሱ የዚህ ክርክር ምስክር ነው። ማይክል አንጄሎ በ1541 የጨረሰው የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል በውስጡ ባሉት ራቁት አካላት የተነሣ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ ከባድ ተቃውሞ ገጥሞት፣ ሠዓሊው በሞተ በዓመቱ፣ በ1565 ገደማ፣ በሌላ ሠዓሊ እጅ የሰውነት ክፍሎቹ በጨርቅ ሥዕል ተሸፍነዋል። ሥዕሉ ግን በጠቅላላው አልተፋቀም። ዛሬ በዚያ ቤተ ጸሎት ያለፈ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው ይኸው በጊዜው ያስቆጣ ሥራ ነው።

የቬኒሱ ፓዎሎ ቬሮኔዜም በ1573 ለአንድ ገዳም የመመገቢያ አዳራሽ የጌታን እራት ሥሎ ኢንኩዊዚሽን በተባለው የቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት ችሎት ፊት ቀርቧል። ጥያቄው በቅዱሱ እራት አጠገብ ቀልደኞች፣ የጦር መሣሪያ የያዙ ጀርመኖችና ድንኮች ምን ይሠራሉ የሚል ነበር። ችሎቱ ሥዕሉን በሦስት ወር ውስጥ እንዲያስተካክል አዘዘው። ቬሮኔዜ ርዕሱን ለውጦ በሌዊ ቤት የተደረገ ግብዣ አደረገው፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። በዚያ ዘመን ከዚህ የከፋ ፍርድ ሊመጣ ይችል ስለነበር፣ ሥዕሉን ያተረፈው ይህ መግባባት ነው።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ቬኒሳዊው ኒኮሎ ብራንካሌዮን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መጥቶ፣ መርቆሬዎስ ተብሎ፣ ለረጅም ዓመታት በሠዓሊነት ኖሯል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ይህ ሠዓሊ በአትሮንስ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ሲሥል ሕፃኑን ያሳቀፋት በአገሩ ልማድ በግራ ክንዷ ነበር። ግራ የክብር ወገን ባልነበረበት አገር ይህ እንደ ድፍረት ተቆጠረ፤ በሕዝቡም ዘንድ ብርቱ ቁጣ ተነሣ። ንጉሡ ግን ሥዕሉ እንዲቆይ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያስደንቃል። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ከሚገኘው ሥዕል የተቀዳው፣ ሕፃኑ በግራ ክንድ የታቀፈበት አሣሣል ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በኢትዮጵያ ተስፋፋ። ዛሬ ምእመናን በምስለ ፍቁር ወልዳ ፊት ሲሰግዱ የሚያዩት ይህንኑ አቀማመጥ ነው፤ መምህራንም ንግሥቲቱ በንጉሡ ቀኝ እንደምትቆም ከሚናገረው መዝሙር ጋር አያይዘው ይተረጉሙታል። አንድ ትውልድ እንደ ስድብ ያየውን ሌላው ትውልድ ተሳለመው። ይህ ማለት የሚያስቆጣ ሥራ ሁሉ አንድ ቀን ይከበራል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ተረስቶ ይቀራል። በቁጣ ሰዓት የሚሰጥ ፍርድ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አይችልም።

ቅዱሳት መጻሕፍቱም በዚህ ጉዳይ ዝም አላሉም። ጌዴዎን የበኣልን መሠዊያ በሌሊት ባፈረሰ ጊዜ የከተማው ሰዎች ሊገድሉት አባቱን ኢዮአስን «ልጅህን አውጣ» አሉት፤ ኢዮአስ የመለሰው በኣል አምላክ ከሆነ ስለ ራሱ ይሟገት የሚል ነው። ለሐሰተኛው አምላክ የተነገረው ለእውነተኛው የበለጠ ይሠራል፦ ሁሉን የሚችል አምላክ በሰው መዶሻ አይጠበቅም። በሉቃስ ወንጌል ያዕቆብና ዮሐንስ ጌታቸውን ባልተቀበለችው የሳምራውያን መንደር ላይ እሳት እንዲወርድ ሲጠይቁ የተገሠጹት እነሱ ናቸው፤ መንደሯ አልተነካችም። ቁርኣንም በሱረቱ ኒሳእ የአላህ አንቀጾች ሲዘበትባቸው የሰማ አማኝ፣ ዘባቾቹ ወደ ሌላ ወሬ እስኪገቡ ድረስ አብሯቸው እንዳይቀመጥ ያዝዛል። መነሣትና መሄድ ተቃውሞ ነው፤ ያውም ክብር ያለው ተቃውሞ። በሱረቱል አንዓም ደግሞ ሌሎች የሚያመልኩትን መስደብ ተከልክሏል፤ ይህም ግዴታውን ወደ ተናጋሪውም ያዞረዋል።

የተናጋሪው ግዴታ በግብፃዊው ደራሲ ናጊብ ማህፉዝ ሕይወት ጎልቶ ይታያል። በ1959 በአል አህራም ጋዜጣ በተከታታይ የወጣው «የሰፈራችን ልጆች» የተሰኘው ልቦለዱ ነቢያትን የሚመስሉ ሰዎችን በአንድ የካይሮ ሰፈር ያኖራል፤ በዚህም የሃይማኖት ሊቃውንትን አስቆጣ። ማህፉዝ መጽሐፉን በአገሩ ለማሳተም ግፊት አላደረገም፤ የእስልምና ተቋሙ የአል አዝሃር ፈቃድ ካልተገኘ አይታተምም አለ። የወገኖቹን ስሜት ማክበሩ ነበር። ያም ሆኖ በ1994፣ በሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣ አንድ ወጣት አንገቱን በስለት ወጋው። ተረፈ፤ ነገር ግን እጁ ተጎድቶ ከዚያ ወዲያ በቀን ከጥቂት ደቂቃ በላይ መጻፍ አቃተው። ብዙ ሙስሊሞችን ባስቆጣው በደራሲው ሳልማን ሩሽዲ መጽሐፍ ምክንያትም ጃፓናዊው ተርጓሚ ሂቶሺ ኢጋራሺ በ1991 ተገድሏል፤ ደራሲው ራሱ በ2022 ተወግቶ የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጥቷል። አንድም አማኝ በነዚህ ደሞች ወደ ፈጣሪው አልቀረበም።

መቻቻል አፍ መያዝ አይደለም። አማኝ መጻፍ፣ መተቸት፣ በሰላም መሰለፍ፣ ትኬት አለመግዛት ይችላል። በ2011 በብሮድዌይ በሞርሞን መጽሐፍ ላይ የሚቀልድ ሙዚቃዊ ተውኔት ሲከፈት፣ የሞርሞኖች ቤተ እምነት ተውኔቱ ይታገድ አላለችም። ከጊዜ በኋላ በተውኔቱ የፕሮግራም መጽሔት ላይ የማስታወቂያ ቦታ ገዝታ ተመልካቾች መጽሐፉን ራሱን እንዲያነቡ ጋበዘች። እንዲህ ያለው ምላሽ በራሱ የሚተማመን እምነት ምልክት ነው፤ ቁጣውን አልካደም፣ ዕድሉንም አላባከነም።

መቻቻል ወሰንም አለው። እምነትን የሚነካ ሥራ ሌላ ነው፤ አማኞችን እንዲጠቁ የሚያነሣሣ ሌላ ነው። በናዚ ጀርመን ዩሊየስ ሽትራይኸር «ዴር ሽቱርመር» በተባለው ጋዜጣው ያወጣቸው የነበሩት የአይሁድ ካርቱኖች ስለ አይሁድ እምነት የሚከራከሩ አልነበሩም፤ ጎረቤትን ወደ ጥፋት የሚነዱ ነበሩ። ሰውየው በኑረምበርግ ተፈርዶበት በ1946 ተሰቅሏል። እንዲህ ላለው ሥራ ትዕግሥት መጠየቅ ተጠቂውን አንገትህን ስጥ እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ወሰን የጸሎት ቦታና ንዋየ ቅድሳት ናቸው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 492 የሃይማኖት ሥርዓትን ማወክን፣ ለሥርዓቱ የሚያገለግል ቦታን፣ ሥዕልን ወይም ዕቃን ማርከስን ይከለክላል። ይህ ልዩነት ትክክል ነው። የሴራኖ የፕላስቲክ መስቀል የማንም ቤተ ክርስቲያን ንብረት አልነበረም፤ ፎቶግራፉም በማንም ጸሎት መካከል አልተሰቀለም፤ ወደ ጋለሪው ገብቶ ማየትም ሆነ አለማየት ለእያንዳንዱ ሰው የተተወ ነበር። መስቀሉ ከመቅደስ ተወስዶ ቢሆን ግን ጉዳዩ የጥበብ ነጻነት መሆኑ ቀርቶ የንጥቂያ ጉዳይ ይሆናል፤ ምእመናንም ታገሡ ሊባሉ አይገባም ነበር።